ስለ ማበጀትና ስለማይሰማ ጉድለት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ከንስሐ ልጆቻችን አንዱ፥ ዕድሜያቸው ከሰባ ያለፈና ከሥራ በጡረታ ያረፉ አረጋዊ፥ ከቅዳሴ በኋላ በዐጸደ ቤተ ክርስቲያኑ ጠብቀውን እንዲህ የሚል ጥያቄ አቀረቡልን፤ «አባታችን፥ በየሳምንቱ ሐሙስ ግማሹን ቀን አሮጌ መኪናዬን ሳበጅ እውላለሁ። ልጆቼ ሽጣት ይሉኛል፤ ጎረቤቴም በስተርጅና የብረት ፍቅር ያዘው እያለ ይቀልድብኛል። በውኑ ይህ ኀጢአት ይሆንብኛልን?» እኛም ብዙ ሳናስብ፥ ይህ ዓለም ኃላፊ መሆኑን፥ ብረትም የዝገት ምግብ መሆኑን፥ የቀረው ዕድሜ ለጸሎት ቢውል እንደሚሻል ነግረን አሰናበትናቸው። እሳቸውም መስቀል ተሳልመው፥ አንገታቸውን ደፍተው ሄዱ።

ሰውዬው ሄዱ እንጂ ጥያቄው አልሄደም። የሰጠነው መልስ ከመጽሐፍ የራቀ አልነበረም፤ ነገር ግን ፈጥኖ የተሰጠ መልስ ስለ ነበረ የጠያቂውን ልብ ሳይነካ አለፈ። ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር እኛን አስተማሪዎቹን ያስተማረ ስለ ሆነ፥ ለአንባብያን ለማካፈል ወደድን። የምንጽፈውም በባለ ነገሩ ፈቃድ ነው፤ እንዲያውም «ሌላው እንዳይዘገይ ይጻፍልኝ» ያሉት እሳቸው ናቸው። ስለዚህም ስማቸውንና ሰፈራቸውን ትተን ነገሩን ብቻ እንናገራለን።

መኪናዪቱ ሕዝባችን አሳጥሮ «ቮልስ» የሚላት፥ ጀርባዋ እንደ ጥንዚዛ የጎበጠ ቮልስዋገን ናት። ፋብሪካዋ በጀርመን አገር በ1930 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ የመጨረሻዪቱ ደግሞ በ1995 ዓ.ም. በሐምሌ ወር በሜክሲኮ አገር በፑዌብላ ከተማ ተሠርታ ወጣች። እስከዚያ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርተዋል። በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ዛሬም ስትሄድ ትታያለች። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከቤተ መንግሥታቸው የወጡት በእንዲህ ያለች መኪና ተጭነው መሆኑን የማያስታውስ ሽማግሌ የለም። የዚህን ዓለም ክብር ኃላፊነት ለማስተማር ከዚያች ቀን የበለጠ ምሳሌ አያሻም፤ እኛም ለአረጋዊው መልስ ስንሰጥ በልባችን የነበረው ይኸው ነበር።

ይሁን እንጂ፥ ነገሩ ኃላፊ ነውና አይጠበቅ ማለት ከቅዱስ መጽሐፍ የሚገኝ ትምህርት አይደለም። አዳም በገነት በተቀመጠ ጊዜ ገና ኀጢአት አልነበረም፤ እሾህና አሜከላም አልበቀለም። ነገር ግን ያን ጊዜም ሥራ ተሰጥቶታል። የኦሪት ዘፍጥረት አማርኛ ለዚህ ሥራ ሁለት ቃላት መርጧል፤ አንደኛው ማበጀት ነው፥ ሁለተኛው መጠበቅ ነው። በመጽሐፈ ኩፋሌም አዳም ሰባት ዓመት በገነት ሲሠራና ሲጠብቅ እንደ ኖረ፥ ሥራውንም መላእክት እንዳስተማሩት ተጽፎአል። አማርኛችን «ማበጀት» ሲል አዲስ መሥራትን ብቻ ማለቱ አይደለም፤ የተበላሸውን ማቃናትን፥ የላላውን ማጥበቅን፥ የጎደለውን መሙላትንም ይጨምራል። ስለዚህ ጥገና ከውድቀት በኋላ የመጣ ቅጣት ሳይሆን፥ ከውድቀት በፊት ለሰው የተሰጠ ክብር ነው ብንል አንሳሳትም።

እስራኤል በምድረ በዳ አርባ ዓመት ሲጓዙ ልብሳቸው እንዳላረጀ፥ ጫማቸውም እንዳላለቀ ኦሪት ዘዳግም ይመሰክራል። ይህ ተአምራት ነው፤ ተአምራትም የተባለው ነገር ሁሉ በባሕርዩ የሚያረጅ ስለ ሆነ ነው። እግዚአብሔር የሕዝቡን ጫማ እንኳ በቸርነቱ የሚጠብቅ ከሆነ፥ ሰው የተሰጠውን ዕቃ መጠበቁ የፈጣሪውን መንገድ መከተሉ እንጂ ለዕቃ መስገዱ አይደለም።

በአብነት ትምህርት ቤት ያደግን ሰዎች ይህን ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቃለን። ብራና ከእርጥበትና ከአይጥ ካልተጠበቀ ይጠፋል፤ ስለዚህ ማኅደር ይሰፋለታል፥ ከፍ ብሎም ይሰቀላል። ከበሮ በክረምት ሲረጥብ ድምፁ ይሞታል፤ ስለዚህ ፀሐይ ወይም እሳት ይሞቃል። የሣር ክዳን በጊዜው ካልታደሰ ዝናቡ እስከ መቅደሱ ይደርሳል። ዛሬ በገዳማቱና በአድባራቱ የምንመካባቸው የብራና መጻሕፍት ከእኛ ዘመን የደረሱት ጸሐፊው አንድ ጊዜ ስለ ጻፋቸው ብቻ አይደለም፤ ስማቸው ያልተጻፈ ብዙ ሰዎች ከትውልድ እስከ ትውልድ የላላውን ጥራዝ እየሰፉ ስላቆዩአቸው ነው። ጸሐፊው ስሙን በመጨረሻው ገጽ ያሰፍራል፤ ሰፊው ግን በክሩ ብቻ ይታወቃል።

እንግዲህ በመጋቢና በምርኮኛ መካከል ያለውን ልዩነት መለየት ይገባል። መጋቢ ዕቃውን የሚጠብቀው ለአገልግሎት ነው፤ ምርኮኛ ግን ዕቃው እንዳይነካበት ሰውን ይጠብቃል። መጋቢ ዕቃው ሲሰበር ያዝናል፤ ምርኮኛ ግን ዕቃው ሲሰበር አብሮ ይሰበራል። የእኒህ አረጋዊ መኪና የታመመ ወደ ሐኪም ቤት፥ ያዘነ ወደ ለቅሶ ቤት የምታደርስ መሆንዋን በሰማን ጊዜ፥ የሰጠነው መልስ ፍርደ ገምድል እንደ ነበረ ተረዳን። ይቅርታም ልንጠይቃቸው ወሰንን።

ጊዜውም ሳይርቅ ደረሰ። አንድ ረቡዕ ማታ ከለቅሶ ቤት ስንመለስ በመኪናቸው ጫኑን። በመንገድ ላይ ከኋላችን «ቀጭ ቀጭ» የሚል ድምፅ ይሰማ ነበር፤ የዚህች መኪና ሞተር የሚገኘው ከኋላ ነውና። «ይህ የሚጮኸው ነገር የታመመ ነውን?» ብለን ጠየቅን። እሳቸውም ፈገግ ብለው፥ «አባታችን፥ የሚጮኸውስ ጩኸቱ ያድነዋል፤ እኔ የምፈራው ዝም ያለውን ነው» አሉን። ነገሩ ገርሞን እንዲያስረዱን ብንለምናቸው፥ «ዛሬ አይሆንም፥ ሞተሩ ግሏል። በጋለ ሞተር የሚለካ ልክ ሐሰት ነው። ሌሊቱን ይብረድና ነገ ጧት ይምጡ» አሉን። እኛም በማግሥቱ ከጸሎት በኋላ ሄድን።

በግቢያቸው ጥግ ጨርቅ አንጥፈው፥ መፍቻና ካቻቪቴ ደርድረው አገኘናቸው። አስቀድመው ስለ መኪናዪቱ አጠቃላይ ጠባይ ነገሩን። ሞተሯ እንደ ሌሎቹ መኪናዎች በውኃ አይቀዘቅዝም፤ ራዲያተር የላትም። የሚያቀዘቅዛት ነፋስ ነው፤ ነፋሱንም የሚሰጥ ማራገቢያ በዲናሞው ዘንግ ላይ ተሠክቶ፥ ቺንጊያ በሚባለው የጎማ ቀበቶ ይዞራል። ቺንጊያው ቢበጠስ ዲናሞውም ማራገቢያውም አብረው ይቆማሉ፤ ያን ጊዜ በሾፌሩ ፊት ቀይ መብራት ይበራል። አስተዋይ ሾፌር ወዲያው ያቆማል፤ ቸኩሎ የሚነዳ ግን ሞተሩን ያቃጥላል። ዘይትዋም ሁለት ሊትር ተኩል ብቻ ነው፤ ከጥሩ የብረት ወንፊት በቀር ሌላ ማጣሪያ ስለሌላት፥ በየአምስት ሺህ ኪሎ ሜትሩ ዘይቱ ይለወጣል፥ ወንፊቱም ይታጠባል። «ይህ ሁሉ ቀላል ነው» አሉን። «መብራት የሚበራለት ጉድለትና ቀን የተቆረጠለት ሥራ ሰውን አያታልልም።»

ከዚህ በኋላ ወደ ሞተሩ ጎን ተጠግተው የቫልቮቹን ሽፋን ከፈቱ። ሞተሩ አራት ሲሊንደሮች አሉት፤ እያንዳንዱም ሲሊንደር ሁለት በሮች አሉት፤ በአንደኛው ቤንዚንና አየር ይገባል፥ በሁለተኛው የተቃጠለው ጢስ ይወጣል። የእነዚህ በሮች መዝጊያ ቫልቭ ይባላል። በቫልቩ ጫፍና ቫልቩን በሚገፋው ብረት መካከል ጥቂት ክፍተት ሊኖር ግድ ነው፤ ልኩም እንደ ሞተሩ ዘመን 0.10 ወይም 0.15 ሚሊ ሜትር ነው፤ ይኸውም የአንድ ወረቀት ውፍረት ያህል ማለት ነው። ይህ ክፍተት ከልኩ የሰፋ እንደ ሆነ ብረት ከብረት እየተጋጨ ይጮኻል። ጥቂት ኃይል ይቀንሳል፥ ጆሮ ያሰለቻል፤ ሞተሩን ግን ፈጥኖ አይገድለውም። ክፍተቱ ከልኩ የጠበበ እንደ ሆነ ግን ምንም ድምፅ የለም። ሞተሩ ከወትሮው ይልቅ ለስላሳ ሆኖ ይሰማል፤ ባለቤቱም ደኅና ነው ብሎ ደስ ይለዋል።

ጥፋቱ የሚጀምረው በዚህ ጊዜ ነው። ቫልቭ የሚቀዘቅዘው በተዘጋ ጊዜ ዙሪያውን በመቀመጫው ላይ ዐርፎ፥ ሙቀቱን ለመቀመጫው በማስረከብ ነው። ክፍተቱ ሲጠፋ ግን ቫልቩ የተዘጋ ይመስላል እንጂ ፈጽሞ አይዘጋም፤ ከመቀመጫው ላይ አያርፍም። በቀጭኑ ቀዳዳ እሳት ያልፍበታል፤ የሚያሳርፈውና የሚያበርደው ስለሌለ ቀስ በቀስ ይቃጠላል። ሳይታሰብ አንድ ቀን ራሱ ተቆርጦ ወደ ውስጥ ቢወድቅ ደግሞ ፒስተኑን ሰባብሮ ሞተሩን በሙሉ ያጠፋል። ያን ጊዜ ሰው «ትናንት ደኅና ነበረች፥ ምንም ድምፅ አልነበራትም» ይላል።

አረጋዊው በቀጭን የብረት ቅጠል አንድ በአንድ ይለኩ ጀመር። የጮኸው የአንደኛው ሲሊንደር ቫልቭ ነበረ፤ ክፍተቱ ጥቂት ሰፍቶአል። ሦስተኛው ሲሊንደር ዘንድ በደረሱ ጊዜ ግን የጢስ ማስወጫው ቫልቭ መለኪያውን አላስገባ አለ። «አየነው፤ ዝም ያለው ይህ ነው» አሉን። ምክንያቱንም አስረዱን፤ በመኪናቸው ዘመን በተሠሩት ሞተሮች የዘይት ማቀዝቀዣው በነፋሱ መንገድ ላይ ስለ ቆመ፥ ሦስተኛው ሲሊንደር ከሌሎቹ ያነሰ ነፋስ ያገኛል፥ ከሌሎቹም ይልቅ ይግላል። ሠሪዎቹ ይህን ዐውቀው የእርሱን እሳት ከሌሎቹ ጥቂት አዘግይተው እንዲነሣ አድርገዋል፤ በኋላም ማቀዝቀዣውን ወደ ሌላ ስፍራ አዛውረውታል። ከሁሉ ያነሰ ነፋስ የሚያገኘው፥ ከሁሉ ይልቅ የሚጨነቀው፥ ደግሞም ከሁሉ ይልቅ ዝም የሚለው እርሱ መሆኑ አስደነቀን። አረጋዊውም ዳዶውን አላልተው፥ በካቻቪቴ ልኩን አስተካክለው አጠበቁት። «አሁን ጥቂት ድምፅ ይሰማዋል፤ የጤና ድምፅ ነው» አሉን።

ይህን በሰማን ጊዜ ሐዋርያው ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ፥ ኅሊናቸው በጋለ ብረት እንደሚተኰስ ሆኖ ስለ ደነዘዘ ሰዎች የተናገረው ነገር ትዝ አለን። ለብዙ ዘመን ይህን ቃል ስናስተምር፥ ኅሊናው የተቃጠለ ሰው ማለት በግልጥ የሚያምፅ፥ የሚሳደብ፥ የሚጮኽ ይመስለን ነበር። የተቃጠለ ሥጋ ግን አይጮኽም፤ አይሰማውምና። የሚጮኸው ገና ሕይወት ያለው ነው።

ይህንንም እያሰላሰልን ሳለ፥ አስቀድሞ ያላዘጋጀነው ጥያቄ ከአፋችን ወጣ። «በቤትዎስ ዝም ያለ ነገር አለን?» አልናቸው። አረጋዊው መለኪያውን በእጃቸው ይዘው ብዙ ጊዜ ቆዩ። ከዚያም፥ «ከታናሽ ወንድሜ ጋር ዐሥራ አንድ ዓመት ሆነን» አሉ። «ተጣልታችሁ ነውን?» «አልተጣላንም፤ አንነጋገርም እንጂ» አሉን። ነገሩ የእናታቸው ቤት ነው። እናታቸው ባረፉ ጊዜ ቤቱ ለማን ይሁን የሚለው አሳብ ተነሣ፤ አንድ ቀን አንዱ አንድ ቃል ተናገረ፥ ሌላውም ሳይመልስ ወጣ። ስድብ አልነበረም፥ ክስም አልነበረም፥ ሽማግሌም አልተጠራም። አንዱ በሌላው ልጅ ሠርግ ሳይገኝ ቀረ፤ ሌላውም በአንዱ ሕመም ጊዜ ሳይጠይቅ ቀረ። እንዲህ እያለ ዐሥራ አንድ ዓመት አለፈ።

ይህን ስንሰማ ከእሳቸው ይልቅ ያፈርነው እኛ ነን። በየጾሙ መግቢያ ስናገኛቸው «የተጣሉት ሰው አለን?» ብለን እንጠይቃቸው ነበርና፤ እሳቸውም «የለም» ይሉን ነበር። ሐሰት አልተናገሩም፤ የጠየቅናቸው ስለ ጩኸት ነበር፥ ጩኸትም አልነበረም። ሥጋ ወደሙን ሲቀበሉ ኖሩ። በቅዳሴ ጊዜ ዲያቆኑ እርስ በርስ ሰላምታ እንድንሰጣጥ ሲያዝዝም በግራና በቀኝ ለቆመው ሰው ራሳቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ ወንድማቸው ግን የሚያስቀድሱት በሌላ ደብር ስለ ሆነ፥ ትእዛዙ በዐይን ዘንድ ተፈጽሞ በልብ ዘንድ ሳይፈጸም ኖረ። ለብረት የ0.10 ሚሊ ሜትር ልክ የሚያውቅ ሰው የልቡን ክፍተት ሳይለካ፥ እኛም ሳናስለካው ዐሥራ አንድ ዓመት አለፈ።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ ዝምታ ሁሉ ሰላም ነውን? መጽሐፈ ሳሙኤል ካልእ መልሱን ይሰጠናል። አቤሴሎም በወንድሙ በአምኖን በተቈጣ ጊዜ አልጮኸም፥ አልተሳደበምም፤ ክፉም ሆነ በጎ ሳይናገረው እንደ ኖረ፥ ይህም ከጥላቻ እንደ ሆነ መጽሐፉ ይነግረናል። በዳዊት ቤት የነበረ ሰው ያን ጊዜ ቢጠየቅ፥ ነገሩ በርዶአል ባለ ነበር። ሁለት ዓመት ካለፈ በኋላ ግን በበጎች ሸላቾች ግብዣ ላይ አቤሴሎም ወንድሙን አስገደለ። ዝምታው እርቅ አልነበረም፤ የማይሰማ ቃጠሎ ነበር። ስለዚህም ኦሪት ዘሌዋውያን ወንድምህን በልብህ አትጥላ ብሎ ብቻ አልተወም፤ ንገረው፥ ገሥጸው ብሎ ጨመረበት። ጌታችንም በወንጌል ወንድምህ ቢበድልህ ሄደህ ለብቻው ንገረው ሲል፥ በመሠዊያ ፊት መባህን ትተህ አስቀድመህ ታረቅ ሲል፥ ዝምታን በሰላም ስም እንዳንቀበል አስጠንቅቆናል። ደግሞም በመሠዊያው ፊት የሚታሰበው እኔ የተቀየምሁበት ሳይሆን ወንድሜ በእኔ ላይ ያለው ነገር መሆኑን ልብ ማለት ይገባል፤ የራስ ቅያሜ ይሰማል፥ የሌላው ግን ካልጠየቁት አይሰማምና።

«እንግዲያውስ የመነኮሳት ዝምታ፥ የታጋሾችም ዝምታ እንዲሁ ሊነቀፍ ነውን?» የሚል ቢኖር፥ አይደለም እንላለን። ልዩነቱ በዚያው በቫልቩ ይታያል። አንዱ ዝም የሚለው በመቀመጫው ላይ ስላረፈ ነው፤ ሙቀቱን ለሚቀበለው ያስረክባል፥ ይበርዳልም። ሌላው ዝም የሚለው ማረፊያ ስለ አጣ ነው። መነኩሴ ከሰው ጋር ዝም ቢል ከእግዚአብሔር ጋር ይነጋገራል፤ ቁጣውንም በዚያ ያስረክባል። ስለዚህ ሰው ዝምታውን ይመርምር ዘንድ አንድ መለኪያ አለው፤ የማይነጋገረውን ሰው ስም በጸሎት አንሥቶ መልካም ይለምንለት። ስሙ ያለ ጭንቅ ከአንደበቱ ከወጣ ዝምታው ትዕግሥት ነው። ስሙ ካልገባ፥ መለኪያው ቅጠል እንዳልገባ ይወቅ። በእጁ የሚመታውን ወይም ነፍሱን የሚያስፈራራውን ሰው የሚሸሽ ደግሞ ብቻውን ይሂድ አንልም፤ እንዲህ ያለው በሽማግሌዎችና በንስሐ አባት አማካይነት ነገሩን ያስይዝ።

የመለኪያውም ጊዜ ሊታወቅ ይገባል። በጋለ ሞተር የተለካ ልክ ሐሰት እንደ ሆነ፥ በቁጣ ሰዓት የሚነገር እውነትም ከልኩ ያልፋል። ነገር ግን «ይብረድ» የሚለው ቃል አንድ ሌሊት እንጂ ዐሥራ አንድ ዓመት ማለት አይደለም። ሐዋርያውም ፀሐይ በቍጣ ላይ ሳትገባ ማለቱ ስለዚህ ነው። አረጋዊው ረቡዕ ማታ አልለካም አሉን፤ ሐሙስ ጧት ግን መፍቻቸውን ይዘው ተገኙ። ብዙዎቻችን የመጀመሪያውን እናውቅበታለን፤ ሁለተኛውን ግን እንተዋለን።

ሌላም ነገር ነገሩን። አንድ ቫልቭ ተስተካክሎ ሳለ በሚቀጥለው ልክ እንደ ገና ጠብቦ ቢገኝ፥ ደግሞም እንዲሁ ቢሆን፥ ማስተካከል ብቻውን አይበቃም፤ ብረቱ እየተለጠጠ ነውና ሳይሰበር ሊለወጥ ይገባዋል። እንዲሁም በየዓመቱ ይቅር የሚባል፥ በየዓመቱም የሚመለስ ቂም ቢኖር፥ ከሥሩ ያልተነካ ነገር እንዳለ ምልክት ነው። ያን ጊዜ «ይቅር ለእግዚአብሔር» ብሎ ጉልበት ስሞ መለያየት አይበቃም፤ ቤቱ ይካፈል፥ ገንዘቡ ይመለስ፥ የተነፈገው ይከፈል። ዘኬዎስ ጌታን በቤቱ በተቀበለ ጊዜ በደስታው ብቻ አልተወሰነም፤ የነጠቀውን አራት እጥፍ ሊመልስ ቃል ገባ።

ለካህናት ወንድሞቻችን አንድ ነገር በትሕትና እናሳስባለን። ባልና ሚስት ሲጯጯሁ ጎረቤት ይሰማል፥ ሽማግሌ ይጠራል፥ እኛም እንደርሳለን። በአንድ ቤት እየኖሩ ሳይነጋገሩ የሚበሉትን ግን ማንም አይደርስላቸውም፤ እንዲያውም ጨዋ ቤተ ሰብ እንላቸዋለን። ስለዚህ የንስሐ ልጆቻችንን «የተጣላችሁት ሰው አለን?» ብለን ብቻ አንጠይቅ፤ «የማትነጋገሩት ሰው አለን?» እንበል። በጥያቄው ላይ የተጨመረችው ክፍተት የወረቀት ውፍረት ታህላለች፤ ነገር ግን በዚያች ክፍተት ብዙ የተዘጋ ነገር ይከፈታል።

አረጋዊው ከዚያ በኋላ ምን እንዳደረጉ አንባቢ ሊያውቅ ይወዳል። በዚያው ሳምንት መኪናቸውን አስነሥተው ወደ ወንድማቸው ቤት ሄዱ፤ በሩም አልተከፈተላቸውም። ሁለተኛ ሄዱ፤ ወንድምየው ወጥተው በር ላይ ቆመው አነጋገሩአቸው፥ ግባ ግን አላሏቸውም። በሦስተኛው ሽማግሌዎችን ይዘው ሄዱ፤ እኛም አብረን ነበርን። የዚያን ቀን ሁለቱም ጮኹ። ዐሥራ አንድ ዓመት የተከማቸ ነገር በአንድ ከሰዓት በኋላ ወጣ። ታላቅየው እናታቸው በታመሙ ጊዜ ያስታመሙት ታናሽየው ብቻቸውን እንደ ነበሩ፥ ይህንንም አንድ ቀን እንኳ «እግዜር ይስጥልኝ» እንዳላሏቸው የሰሙት ያን ጊዜ ነው። የቤቱ ነገር ዛሬም አልተፈጸመም፤ ሽማግሌዎቹ ገና ይመላለሳሉ። በዚህ መካከል አረጋዊው ከቍርባን ጥቂት ታግሠው ቆዩ፤ ይቅርታ ተጠያይቀው ከተሳሳሙ በኋላ ግን ሁለቱም በአንድ ቀን፥ በአንድ ደብር ቀረቡ። በቅርቡ ስናገኛቸው «ከወንድምዎ ጋር እንዴት ሆናችሁ?» ብንላቸው፥ «አባታችን፥ ትናንትናም ተከራክረን አመሸን፤ ድምፅ አለን» ብለው በደስታ መለሱልን።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስና፥ አሮጌ መኪናን ማበጀት ኀጢአት ነውን? ኀጢአት አይደለም፤ አዳም በገነት የተሰጠው የማበጀትና የመጠበቅ ሥራ ቅንጣት ናት። የምትነቀፈው ሰው ለብረት ያለውን ትጋት ለወንድሙ ሲነፍግ ብቻ ነው። ብረቱን የሚጠብቅ እጅ ከብረቱ ትምህርት ተቀብሎ ወደ ልቡ ቢመለስ፥ ያቺ የሐሙስ ጧት ከንቱ አትባልም። እኛ ፈጥነን ከንቱ ብለናት ነበር፤ እርስዋ ግን እኛንም ይዛ ወደ ወንድም ደጃፍ አደረሰችን።

በልባችን ያለውን የማይሰማውን ጉድለት ገልጦ የሚያሳየን፥ ሳይቃጠል የሚያበርድልን ልዑል እግዚአብሔር ከወንድሞቻችን ጋር የእውነት ሰላም ይስጠን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።